የብልት መጎተቻ መሣሪያ፦ ጉዳቱ ከአያያዙ ይመጣል

«ጠበቅ ተደርጎ ካልታሰረ አይሠራም።» ስለ ብልት መጎተቻ መሣሪያ ከሚባለው ሁሉ የከፋው ይህ ነው። መሣሪያው በዋናነት የሚታዘዘው ለፔይሮኒ ሕመም ነው። ሕመሙ የተሰየመው በ1743 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ በጻፈው በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 15ኛ ቀዶ ሐኪም ስም ነው። የብልት ውስጠኛ ሽፋን ላይ ጠባሳ ይወጣል፤ ጠባሳው ስለማይለጠጥ ብልት ሲቆም ወደዚያው ይጎብጣል። ሕክምናው ለወራት በየቀኑ የሚደረግ ቀስ ያለ ጉተታ ነው። የመያዣው ሥራ ብልቱ እንዳያመልጥ ማድረግ ብቻ ነው፤ ማነቁ ለፈውሱ የሚጨምረው ነገር የለም።

የሚያመጣው ጉዳት ግን ብዙ ነው። ደም መላሽ ሥሮች ግድግዳቸው ስስ፣ ግፊታቸውም ዝቅተኛ ስለሆነ በትንሽ ጫና ይዘጋሉ፤ ደም ቅዳዎቹ ግን ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ደም ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ የብልቱ ራስ ያብጣል። ባበጠ ቁጥር ማንም ሳይነካው ማሰሪያው እየጠበቀ ይሄዳል። ከላይ በኩል የስሜት ነርቮች፣ ከታች የሽንት ቧንቧ ስለሚያልፉ እነሱም ይጨፈለቃሉ።

ለዚህ ነው የመያዣው ስፋት ወሳኝ የሚሆነው። ያው ጉልበት በግማሽ ስፋት ላይ ሲያርፍ ጫናው እጥፍ ይሆናል፤ ከባድ ፌስታል በቀጭኑ ማንጠልጠያው ጣት የሚቆርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ከቀጭን የጎማ ቀለበት ይልቅ ሰፊ፣ ልስልስ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ፣ በቅጽበት የሚፈታ ማሰሪያ ይመረጣል። ክር፣ ሽቦና የብረት ቀለበትማ ጭራሽ መሞከር የለባቸውም፤ በድንገተኛ ክፍል በመቁረጫ የሚወጡት እነዚህ ናቸው።

«ካላመመኝ ደህና ነኝ» የሚለውም አያስተማምንም። የተጨፈለቀ ነርቭ ይደነዝዛል፤ ስኳር ሕመም ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ደግሞ ቀድሞውኑ ላይሰማቸው ይችላል። ስለዚህ ዓይንና እጅ ይመኑ፦ ጫፉ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ይፈታ።

በቫክዩም የሚይዘው አያንቅም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቆዳው ውኃ እንዲቋጥርና እንዲያብጥ ያደርጋል።

ለሰዓታት፣ ተኝቶም ጭምር ማሰር ውጤት ያፋጥናል የሚሉም አሉ። የተኛ ሰው የቀለም ለውጥ አያይም። ከማዮ ክሊኒክ ጋር የተሠራው ሬስቶርኤክስ የተባለው መጎተቻ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት የተሞከረው በቀን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው።

መሣሪያውን ለርዝመት ብቻ የሚፈልጉም ብዙ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እስከ 15,521 የሚደርሱ ወንዶችን ልኬት ያጠቃለለ ጥናት የቆመ ብልትን አማካይ ርዝመት 13.12 ሴንቲ ሜትር አድርጎታል። አጭር ነኝ ብሎ የሚጨነቅ ሰው መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ። መያዣው ተፈትቶም እብጠቱ ወይም ጥቁረቱ ካልለቀቀ ነገ ሳይባል ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።