ዙረቱ የዘገየው ጅራታም ኮከብ

ጅራታም ኮከብ ሲታይ «የጦርነት ወይም የረሃብ ምልክት ነው» ሲባል ከአባቶቻችን ሰምተናል። ለመሆኑ ይህ አካል ምንድን ነው? ኮከብ አይደለም፤ ከበረዶ፣ ከአቧራና ከድንጋይ የተሠራ፣ ፀሐይን የሚዞር አካል ነው። ፀሐይን ሲቀርብ በረዶው ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ ጋዙም አቧራውን ይዞ ይወጣና ያደምቀዋል።

የዚህ ጋዝ ኃይል በ2017 (እ.ኤ.አ.) በግልጽ ታየ። በየ5 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ፀሐይን የሚዞረው «41ፒ» በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወደ መሬት 21 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጠጋ። ስፋቱ 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው እንብርቱ በጋዝና በአቧራ ስለተሸፈነ ተመራማሪዎች የሚያዩት የሚፈልቀውን ጋዝ ነበር። በአሜሪካ አሪዞና በሚገኝ ባለ 4.3 ሜትር ቴሌስኮፕ በመጋቢት ሲመለከቱ የጋዙ ፍልቀት በየ20 ሰዓቱ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። በግንቦት ግን «ስዊፍት» የተባለችው ሳተላይት የድምቀቱን መጨመርና መቀነስ ስትለካ አንዱ ዙረት ከ46 እስከ 60 ሰዓት ፈጀ!

ምክንያቱ ምንድን ነው? የተነፋ ፊኛ አፉ ሲለቀቅ አየሩ ከሚወጣበት በተቃራኒ ይወረወራል። የ«41ፒ» ጋዝም ዙረቱን በሚቃወም አቅጣጫ ገፋው። እንዲህ ያለ ግፊት ከቀጠለ ዙረቱን አቁሞ ወደ ኋላ ሊያዞር ይችላል። በሌሎች ጅራታሞች ላይ ደግሞ ዙረቱን አፍጥኖ እስከ መሰንጠቅ ሊያደርሳቸው ይችላል።

እንግዲህ የጅራታም ኮከብ መድመቅና መደብዘዝ የሚለካ ምክንያት አለው። ልጆቻችን ስለ ሰማይ ሲጠይቁን ፍርሃት ሳይሆን ዕውቀት እናውርሳቸው።