«ያነሣኸው መስኮቱን ነው!»

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም። ስለ ትዳርም አልመክርም፤ ለራሴም አልሆነልኝ። የማወጋችሁ ስለ ካሜራ ነው። «ኤጭ! ስልኬ ራሱ ያነሣልኝ የለ፣ ምን አስጨነቀኝ?» የምትሉ ካላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ አያቴን ይነካል።

ከሁለት ዓመት በፊት ዕቁብ ሲደርሰኝ ካሜራ ገዛሁ። ያገለገለች ብትሆንም ትልቅ፣ ጥቁር፣ አንገት ላይ ስትንጠለጠል ባለቤቷን ሰው የምታስመስል ናት። አናቷ ላይ የሚሽከረከር ክብ ነገር አለ። እኔ ታዲያ ሁልጊዜ «አውቶ» የሚለው ላይ አድርጌ ቻክ ቻክ! «ኤም» የምትለዋን ፊደል አንድ ቀን በስሕተት ብነካት ፎቶው ጨለማ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልደረስኩባትም። ሰፈር ውስጥ ግን «ፎቶግራፈሩ» ተባልኩ። መባል ደግሞ ደስ ይላል።

የአክስቴ ልጅ አገባች። የመልሱ ዕለት አያታችን እማማ ነጭ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጠሩኝ።

«ና እስቲ፣ ፊቴን አሳምረህ አንሣኝ።»

«ምን አሰቡ እማማ? ሊዳሩ ነው እንዴ?»

ሳቁ። «ለኋላ ይሆናል» አሉ።

እኔም ሳቅሁ። ከጀርባቸው የቀትር ፀሐይ መስኮቱን አንቦግቡጎታል። ሁለቴ ቻክ አደረግሁና ወደ ሙሽሮቹ ሮጥሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔስ አፍስሼ ቀረሁ።

ከሦስት ወር በኋላ እማማ አረፉ። ለቅሶ ቤት ፎቶ እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። አጎቴ «አንተ አንሥተሃቸው የለ? አምጣና እናሳድገው» አለኝ። ከፈትነው። መስኮቱ ቁልጭ ብሏል። ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ይቆጠራል። እማማ ግን ጥላ ናቸው። ዓይን የለ፣ ፈገግታ የለ! በኮምፒውተር ለማፍካት ቢሞከር ፊታቸው ጤፍ የተበተነበት መሰለ። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ አደገች፤ ግማሽ ማኅተም ጉንጫቸው ላይ እንዳረፈ። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአርባቸው ዕለት ያንኑ ፎቶ ለአንድ የእድራችን አዛውንት አሳየሁ። ድሮ ፒያሳ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት።

«መስኮቱ ጥሩ ወጥቷል» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ያነሣሁት እማማን ነው።»

«አይደለም ልጄ፣ ያነሣኸው መስኮቱን ነው። ማንን እንደምትወድ ካሜራው በምን ይወቅ? አልነገርከውም!»

ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። በሚቀጥለው እሑድ ካሜራዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

ካሜራው ምን ነካው?

ካሜራ ሰው አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃን ብቻ ነው። በአውቶ ስታነሡ ከፊቱ ያለውን ብርሃን ይለካና ነገሩን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ ነጠላና ብሩህ መስኮት ሲያይ «ኧረ ብርሃን በዛ!» ብሎ ያጨልማል። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ጥቁር ግድግዳ ጋ ሲቆም ደግሞ በተቃራኒው «ጨለመ!» ብሎ ያነጣና ፊቱን ዱቄት ያስመስለዋል።

ጋሼ እንዳጫወቱኝ ድሮ ይሄ ሁሉ የሰውየው ሥራ ነበር። ብርሃኑን በራሱ የሚመጥን የመጀመሪያው ፎቶ ካሜራ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ሱፐር ሲክስ-20 ነው። ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺ ሁሉ «ኤም» ላይ ነበር ማለት ነው። እነዚያ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች፣ እነ ቦያጂያን፣ ነገሥታቱን ሲያነሡ አውቶ የሚባል የሚያድናቸው ነገር አልነበረም።

ውሃ በፈረቃ

«ውሃ በፈረቃ ስትቀዳ አድገህ የለ? እንግዲያው ይገባሃል» አሉኝ ጋሼ። «ብርሃን ውሃ ነው። ጀሪካኑ ልክ መሙላት አለበት። ካነሰ ጨለማ፣ ከፈሰሰ ነጭ!»

የቧንቧው አከፋፈት የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ አፐርቸር ይሉታል። ቁጥሩ ሰውን ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16... እንደ ሀሁ አስቆጠሩኝ። አንድ እርምጃ ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰውየው ጀርባ ያለው ይደበዝዛል፤ ሲጠብ ከቅርብ እስከ ሩቅ ይጠራል።

ቧንቧው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ሻተር ነው። ለተቀመጠ ሰው 1/60 ሴኮንድ ወይም 1/125 ይበቃል። እስክስታ ሲወረድ ወይም ሕፃን ሲሮጥ 1/500 ይሻላል፤ አለዚያ ትከሻው ጭስ ይሆናል።

አይኤስኦ ደግሞ የጀሪካኑ መጠን ነው። 100 ትልቅ ጀሪካን ነው፣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። 1600 ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ታዲያ በትንሹ ስትቀዱ ውሃው ድፍርስ ይላል፤ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይመጣል።

በቃ ይኸው ነው፣ እናንተዬ! ሦስት ነገር። አንዱን ስትቀንሱ ሌላውን መጨመር።

እንዴት ልጀምር?

ጋሼ አንድ ሙሉ እሑድ ጀበና ብቻ አስነሡኝ። ያው ጀበና፣ ሃያ ጊዜ! ወገቤ እስኪቆረጥ። ግን ገባኝ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ ውጭ ጀምሩ። በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 16 እና አይኤስኦ 100 አድርጉ፤ ሻተሩን 1/100 ወይም 1/125። ያለ ምንም መለኪያ ደህና ፎቶ ይወጣላችኋል። ያን ቀን ልባችሁ ይሞላል።

ሁለተኛ፣ የሰውየውን ፊት ለኩ። ጠጋ ብላችሁ ፊቱ ብቻ እስኪሞላ ካሜራውን አቅርቡና በውስጥ የምትታየው የመለኪያ መስመር ዜሮ ላይ እስክትደርስ አስተካክሉ። ከዚያ ወደ ቦታችሁ ተመለሱና ምንም ሳትነኩ አንሡ። መስመሯ «በዛ! በዛ!» ብትል አትስሟት፤ እሷ የምታወራው ስለ መስኮቱ ነው። የጠይም ሰው ፊት ለዜሮ ይቀርባል። ለቀይ ሰው ትንሽ ጨምሩ፣ ለጥቁር ሰው ትንሽ ቀንሱ።

ሦስተኛ፣ መብራት ስታዩ ተጠንቀቁ። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ስለሆነ አንዳንድ አምፖል ዓይናችን ሳያየው ብልጭ ድርግም ይላል። ፎቶው ላይ የጥላ መስመር ካያችሁ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት።

አራተኛ፣ ያነሣችሁትን ወዲያው አይታችሁ ፊቱን አጉልታችሁ ተመልከቱ። እኔ ያን ቀን ይቺን ብቻ ባደርግ ኖሮ...

«ኤም» ላይ ያለ ሁሉ ግን ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። ደመናና ፀሐይ በሚፈራረቁበት፣ ሰው በሚተራመስበት ሰርግ ላይ ጋሼ ራሳቸው ግማሹን ሥራ ለካሜራው ይተዉለታል። የዛሬ ስልክም ፊት ለይቶ ያስተካክላል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። አንዳንዱ ስልክ ላይ «ፕሮ» የሚል አለ፤ እዚያ ሻተሩንና አይኤስኦውን በእጃችሁ ታገኛላችሁ። ቁም ነገሩ ካሜራው ሲሳሳት ማወቅና «ተወው፣ እኔ ልወስን» ማለት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ እንጂ፣ ባለፈው ወር እናቴን እዚያው መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ቀትር ላይ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ። «እኔንም እንደ እማማ ልታጠቁረኝ ነው?» አለች። ጠጋ ብዬ ፊቷን ለካሁ። አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ 1/60። ቻክ!

መስኮቱ ነጭ ሆኖ ጠፋ። ባሕር ዛፉም የለ። ይጥፋ! እናቴ ግን አለች፤ የዓይኗ ብርሃን፣ የግንባሯ መስመር፣ ልክ እንደ እማማ አንድ ወገን የሚያጋድለው ፈገግታዋ ሳይቀር።

አሳየኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሳታየኝ «ይቺን አስቀምጣት» አለች። «ለኋላ» አላለችም። እኔም አልቀለድኩም።

ውድ አንባብያን፣ ቤታችሁ መስኮት ሥር የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ካለ በዚህ ሳምንት አንሡት። በካሜራም ይሁን በስልክ። ብቻ ፊቱን ለኩ።

ለሳምንት ሰው ይበለን!