ፎቶግራፍን በትንንሽ ካሬ እየከፈሉ ስለ ማቅለል

በኮምፒዩተር የሚቀመጥ ፎቶግራፍ የብዙ ነጥቦች ስብስብ ነው። ስፋቱ 800፥ ቁመቱ 600 ነጥብ የሆነ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ 480,000 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱም ነጥብ ብርሃኑን የሚገልጽ ቁጥር ይፈልጋል። ይህን ሸክም ለማቅለል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1992 የወጣው ጄፔግ የተባለው ደንብ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንገልጻለን።

ደንቡ ፎቶግራፉን 8 በ8 በሆኑ ካሬዎች ይከፍለዋል፤ ከላይ ያልነው ፎቶግራፍ በ7,500 ካሬዎች ይከፈላል ማለት ነው። ከዚያም የያንዳንዱ ካሬ 64 ቁጥሮች በሒሳብ ወደ ሌሎች 64 ቁጥሮች ይለወጣሉ። የመጀመሪያው የካሬውን አማካይ ብርሃን፥ የቀሩት 63 ደግሞ ብርሃኑ ከነጥብ ወደ ነጥብ በዝግታ ወይም በፍጥነት እንዴት እንደሚለዋወጥ ይገልጻሉ። ይህን ሒሳብ ናሲር አሕመድ፥ ናታራጃንና ራኦ የተባሉ ሊቃውንት በዚያው አቈጣጠር በ1974 አሳትመውታል። ጎረቤት ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ ስለሚመሳሰሉ የፈጣኑ ለውጥ ቁጥሮች ትንንሾች ናቸው፤ ዐይንም እምብዛም ስለማያስተውላቸው ይበልጥ እየተጠጋጉ ብዙዎቹ ዜሮ ይሆናሉ። ተከታትለው የሚመጡ ዜሮዎች በጥቂት ቦታ ይጻፋሉ።

ካሬው ለምን 8 ሆነ? ቢያንስ የመመሳሰሉ ጥቅም ይቀንሳል፤ ቢበልጥ የማይመሳሰሉ ነገሮች ባንድ ይታሰራሉ፥ ሒሳቡም ይከብዳል።

ነገር ግን ትርፉ ያለ ኪሳራ አይደለም። ፎቶግራፉ ከመጠን አልፎ ሲቀል የካሬዎቹ ድንበር ይታያል፥ የፊደልም ጠርዝ ይደበዝዛል። «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ስለዚህ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ የምናነሣ ተማሪዎች ለመላላኪያ ቀላሉን ቅጂ ብንጠቀምም፥ ምንም ያልጎደለበትን ዋናውን ለይተን ማስቀመጥ ይገባናል፤ አንድ ጊዜ የተጣለው ደቃቅ ነገር ተመልሶ አይገኝምና።