ስለ ተስፋው ለሚጠይቅ በየዋህነት ስለ መመለስ (ሐተታ፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15)

ሐዋርያው ጴጥሮስ ክርስቲያን ስለ ተስፋው ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል፤ መልሱም በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ይላል። በየዋህነት ማለቱ ስለ ምን ቢሉ፤ ጠያቂው ወንድም እንጂ ጠላት ስላይደለ ነው። በፍርሃት ማለቱም መላሹ እግዚአብሔር ያልተናገረውን እንዳይጨምር ነው።

የዚህ ነገር ምሳሌ በእንጦጦ ተራራ ታይቷል። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከየአገሩ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጡ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላ፤ መድኃኒት መዋጥ አለማመን መስሏቸው የተዉት ነበሩ። ከተራራው በታች፤ በየካና በመላው ከተማ፤ በዘመናዊ ትምህርት ያደገ ሰው፤ ሃይማኖት ሰውን ከሕክምና የሚከለክል ከሆነ ምን ይረባል ብሎ ቢጠይቅ፤ ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንዳይቃረኑ፤ ሕሙማንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ አስተማሩ። ትምህርታቸው ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ጋራ ይስማማል። በዚያ ጠቢቡ ሐኪምን ማክበር እንዲገባ፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገራል። አንድም ሕሙሙ አስቀድሞ ይጸልይ፤ ኋላም ለሐኪሙ ስፍራ ይስጥ ይላል። እንግዲህ ጸሎት ሕክምናን አይሽርም፤ ሕክምናም ጸሎትን አያስቀርም።

ስለዚህ በዚህ ዘመን ወንጌልን የሚመሰክር ሰው ተጠራጣሪውን በቁጣ አይመልሰው። መድኃኒት የሚያስጥል ምስክርነት ሕሙሙን ይገድላል፤ ጠያቂውንም ያርቃል። ጸሎቱን ሳይተው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ በርትቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ግን፤ ቃል ሳይናገር ለጎረቤቱ ይመሰክራል።