አራስ ሆስፒታል ሳይለቅ ኦክስጅኑ ይለካ

ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ አፈጣጠር ችግር ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህ ውስጥ አራተኛው እጅ የሚሆነው በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ ጣልቃ ገብነት የሚሻ ከባድ ዓይነት ነው። አስጨናቂው ነገር ብዙዎቹ ሲወለዱ ጤነኛ መምሰላቸው ነው። ፅንስ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጅ ስለሆነ፣ ወደ ሳምባ የሚሄደውን ደም አብዛኛውን ወደ ዋናው ደም ወሳጅ የምታሻግር አጭር ቧንቧ አለችው። ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ትዘጋለች፤ ለጤነኛ ልብ የሚበጀውም ይኸው ነው። የሳምባው መንገድ ለተደፈነበት ወይም የልቡ ግራ ክፍል ላልዳበረ ሕፃን ግን ሕይወቱ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። እናት ቤቷ ገብታ፣ ጠያቂ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎ በሚቀምስበት ሰሞን ሕፃኑ በድንገት የሚዝለው ለዚህ ነው።

ዐይን እዚህ ላይ አይታመንም። የሕፃኑ ደም የኦክስጅን መጠን ወደ 80 በመቶ እስኪወርድ መጠቆሩ ላይታይ ይችላል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሰወራል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ግን ያለ መርፌ በደቂቃዎች ይነግረናል። የሚለካው ሕፃኑ 24 ሰዓት ከሞላው በኋላ ቀኝ እጁና አንድ እግሩ ላይ ነው። ቀኝ እጅ የተመረጠው ደሙ ከዋናው ደም ወሳጅ የሚቀዳው ቧንቧዋ ከምትገናኝበት ቦታ በፊት ስለሆነ ነው፤ እግር ደሙን የሚያገኘው ከዚያ በታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 በመቶ ከበለጠ፣ ኦክስጅን ያነሰው ደም በቧንቧዋ እየተሻገረ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ይህን ምርመራ በ2011 እ.ኤ.አ. ከመደበኛ የአራስ ምርመራዎች ተርታ አስገባችው። ምርመራውን ግዴታ ያደረጉት ግዛቶች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በከባድ የልብ ችግር የሚሞቱት ሕፃናት በ33 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ቀዶ ሕክምና እንደልብ በማይገኝበት አገር ችግሩን ማወቁ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በኢትዮጵያ ተራ የሚጠብቁት ልበ ሕሙማን ሕፃናት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ነገር ግን ዝቅተኛ ኦክስጅን የልብ ምልክት ብቻ አይደለም። የሳምባ ምችንና ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽንንም ያጋልጣል፤ እነዚህን ደግሞ ኦክስጅንና ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ያለው ሆስፒታል ሁሉ ሊያክማቸው ይችላል። የልብ ችግር ከሆነም ቧንቧዋን ከፍቶ የሚያቆይ መድኃኒት አለ፤ ባለበት ቦታ ሕፃኑ ወደ ልብ ሐኪም እስኪደርስ ጊዜ ይገዛለታል።

የቦታው ከፍታ ንባቡን ይለውጣል የሚሉ ሐኪሞች ግን ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የጤነኛ አራስ ንባብም ዝቅ ይላል፤ ለቆላ የወጣውን የ95 በመቶ ገደብ እንዳለ መቅዳት ብዙ ወላጅ በከንቱ ያስደነግጣል። መሣሪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌም አለው። ሁለቱም ግን የሚሉን ገደቡ በራሳችን ጤነኛ አራሶች ልኬት ይውጣ፣ ያጠራጠረ ንባብም ይደገም ነው እንጂ መለካቱ ይቅር አይደለም።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አዋላጅ ነርሷን «የልጄ ኦክስጅን ተለክቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። መለኪያው የልብ ክፍሎችን በሚለየው ግድግዳ ላይ ያለን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ስለሚያልፈው፣ ቤት ከገባችሁ በኋላም ሕፃኑ ሲጠባ ካላበው፣ እየደከመው ጡት ከተወ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ምላሱ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።