ያውቁ ኖሯል? ድሬድን የሚያወፍረው የረገፈ ጸጉር ነው
ከጤነኛ ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ጸጉር ይረግፋል። ድሬድ ግን ስለማይበጠር የረገፈው እዚያው ካልረገፈው ጋር ተጠላልፎ ይቀራል። ድሬድ ከጀመሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ጥምዝምዙን በጣት ሲዳስሱት መሐሉ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ያገኛሉ፤ መያያዝ ጀምሯል ማለት ነው።

«ጸጉር ካልቆሸሸ ድሬድ አይሆንም» የሚባለውን አይስሙ። ወዝና የተከማቸ ቅባት ጸጉሩን ስለሚያሙለጨልጩት ንጹሕ ጸጉር የተሻለ ይያያዛል። አዲስ ድሬድ ሲታጠቡ የራስ ቆዳዎን በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው ይሹት፤ ከዚያ እስከ ውስጡ ያድርቁት። እርጥቡን ሻሽ ካሰሩበት ይሸታል።

የድሬዱን ሥር በየሳምንቱ ማስጠምዘዝ ይቅርብዎ፤ ቢያንስ 4 ሳምንት ያቆዩት። በተለይ ግንባር ዳር ያለው ስስ ጸጉር ደጋግሞ ከተወጠረ ይሳሳል፤ ሥሩ ክፉኛ ከተጎዳም ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።