ስለ ወፍራሙ አውታር ወዳጆች በጭሮ ከተማ የተደረገ ጨዋታ

የታኅሣሥ ወር በመጣ ቍጥር፣ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው መንገደኛ ስለሚበዛ፣ የጭሮ ከተማ አውራ መንገድ ሌሊትና ቀን በመኪና ይሞላል። ከተማዪቱ ዛሬ የምትጠራው ጭሮ በሚለው ስሟ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን አሰበ ተፈሪ ማለትን እስከ አሁን አልተዉም። ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጨርጨር ተራሮች መካከል ስለ ተቀመጠች፣ ወደ ቁልቢ የሚያልፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ምሳውን ወይ ማደሪያውን ከእርሷ ያደርጋል። በዚሁ ምክንያት ሦስት የወጣትነት ወዳጆች ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድመው በየዓመቱ በዚህች ከተማ ይገናኛሉ። አንደኛው በከተማው የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁለተኛው በገለምሶ ቡና የሚነግዱ ነጋዴ፣ ሦስተኛው ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ ያሳለፉ የሂርና ሾፌር ናቸው። ሦስቱን ያስተሳሰራቸው ዝምድና ወይም ንግድ አይደለም፤ ሦስቱም በትርፍ ጊዜያቸው ባስ ጊታር የሚመቱ መሆናቸው ነው እንጂ።

እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ የምንገኝ ስንሆን፣ ከመምህሩ ዘንድ ጥቂት ስለ ተማርን፣ ከሰነፎቹ ተማሪዎቻቸው እንደ አንዱ ተቈጥረን ባለፈው ታኅሣሥ ወደዚህ ጨዋታ ተጠራን። በዚያ ምሽት ከአዳማ ወደ ቁልቢ ስታልፍ የተጋበዘች አንዲት እንግዳ ደግሞ ነበረች። እርሷም የአራተኛው ወዳጃቸው ልጅ ናት፤ አባቷ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ነጋዴው ቡና ይዘው አዳማ በወረዱ ጊዜ ሞቱን ሰምተው ለለቅሶ ስለ ሄዱ፣ ልጅቱን ያገኟት በዚያ ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ባስ ጊታርን ከሌላው ጊታር ያልለዩ ሊኖሩ ይችላሉና አስቀድመን ጥቂት እንናገር። ተራው ጊታር ስድስት አውታር ሲኖረው፣ ባስ ጊታር ብዙውን ጊዜ አራት ብቻ አለው፤ አውታሮቹ ግን ወፍራሞችና ረጃጅሞች ናቸው። የሚርገበገበው ክፍላቸው 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሁሉ የሚወፍረውም አውታር ሲመታ በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ይሰማል። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ቆመው የሚመቱት ኮንትራባስ ነበረ። በ1951 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊዮ ፌንደር የተባለ አሜሪካዊ በትከሻ የሚንጠለጠለውን የኤሌክትሪክ ባስ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ግን፣ መቺው መሣሪያውን ተሸክሞ አውቶቡስ ለመሳፈር ቻለ።

እኛ የባስን ነገር አስቀድመን ያወቅነው ከጊታር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን፣ የከበሮው ጠባብ ፊት ቀጭኑን፣ ሰፊው ፊት ወፍራሙን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ማኅሌቱንም የሚሸከመው ሰፊው ፊት እንደ ሆነ በጆሮአችን ተረዳን። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በአራት ድምፅ ተከፍሎ ሲዘመር፣ ከሁሉ በታች ያለው ክፍል ባስ እንደሚባል ተነገረንና፣ ድምፃችን ወፍራም ስለ ነበረ ወደዚያው ተመደብን። ዜማውን የሚመሩት ልጆች ሁልጊዜ ሲመሰገኑ እኛን የሚያስተውለን አልነበረም። አንድ ቀን ግን ባሶቹ ሁሉ በጉንፋን ተኝተን በቀረን ጊዜ፣ መምህራችን መዝሙሩን አስቁሞ «ዛሬ ይህ ቤት ምን ጎደለው?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ሆጃ ቀርቦ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ ነጋዴው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ። «በበዴሳ አንድ ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሁሉ ስመታ አድሬ፣ የሙሽራው አባት ተጫዋቾቹን በየተራ እየሸለሙ መጡ። ከእኔ ዘንድ ሲደርሱ፣ ‹አንተ ደግሞ የማንን ጊታር ይዘህለት ነው የቆምኸው?› አሉኝ።»

ሾፌሩም ቀበል አድርገው፣ «አንተ የቀረብህ ሽልማት ነው። እኔን በሂርና ፎቶግራፍ አንሺው፣ ‹ወንድም፣ ዘፋኙን ጋርደሃልና ፈቀቅ በል› ብሎኝ ከፎቶግራፉ ወጣሁ። ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ አለ፤ ከእኔ የሚታየው የጊታሩ ጫፍ ብቻ ነው» አሉ።

በዚህ ጊዜ የመምህሩ ባለቤት ከጓዳ ሆነው፣ «ሁላችሁም የራሳችሁን በደል ትናገራላችሁ፤ የእኔን ድስት በደል ማን ይናገርለት?» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አውታር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አውታር ደግሞ በላብና በእጅ ቅባት ሲበከል ድምፁ ይታፈናል፤ በፈላ ውኃ ሲቀቀል ግን እድፉ ለቅቆ ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ይሆናል። መምህሩም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ለዶሮ ወጥ የወጣውን ድስት አግኝተው አራቱን አውታሮች ቀቀሉበት። «ድስቱን በአመድ ሦስት ጊዜ አጥቤ ነው የሠራሁበት» አሉ ባለቤታቸው። ነጋዴውም፣ «ለዚህ ነዋ! ያን ወጥ የበላን ሁሉ ሳምንት ሙሉ ድምፃችን ወፍሮ የሰነበተው» ባሉ ጊዜ፣ እስከዚያ ዝም ብላ የነበረችው እንግዳችን ሳቀች።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ከአገራችን ባስ መቺዎች ማን ይበልጣል ወደሚለው ዞረ። መምህሩ ለጆቫኒ ሪኮ ቆሙ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያወጣውን «ኤሬ መላ መላ»ን ጠቅሰው፣ «ዘፋኙን ተወውና ከሥር ያለውን አድምጥ፤ አንድም ጊዜ አይቸኩልም፤ አንድም ጊዜ አያንቀላፋም» አሉ። ሾፌሩ ደግሞ የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን አስቀደሙ። «ዋልያስ ያለ ዘፋኝ ሲጫወት ሰው ቆሞ ይሰማ የነበረው ለምን ይመስልሃል? ዘፋኝ በሌለበት ቤት ምሰሶው ይታያላ!» አሉ። ነጋዴው፣ «እናንተ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ተከራከሩ፤ እኔ ግን በድሬዳዋ ከአፈረን ቀሎ ቡድን የወጣውን ዓሊ ቢራን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እግሬን ያስተማረኝ እርሱ ነው» ብለው ከሁለቱም ተለዩ።

ሾፌሩ በዚህ አልረኩም። «ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱ በእኛ በር ነው የገባው። በ1916 ዓመተ ምሕረት ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች በባቡር ሲወጡ በሚኤሶ አይደለም እንዴ ያለፉ?» አሉ። መምህሩ፣ «ከዓድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሥ የላከውን መለከትስ ወዴት ታደርገዋለህ? ደግሞም ልጆቹ በሚኤሶ ሲያልፉ አንተ ውኃ ያቀበልህ ይመስል!» ቢሉ፣ ሾፌሩ፣ «ውኃ አላቀበልሁም፤ ጊታር ግን አሳልፌአለሁ» ሲሉ መለሱ። ይህን ከተናገሩ በኋላ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ሲኒውንም አስቀመጡ።

በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ይቋቋም እንደ ነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። እነዚህም አራት ወዳጆች፣ አንዱ በአሰበ ተፈሪ፣ አንዱ በሂርና፣ አንዱ በገለምሶ፣ አንዱ በበዴሳ ይመቱ ነበር። ነገር ግን መቺው አራት ሲሆን በመካከላቸው የነበረው ባስ ጊታር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊታሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በቡናና በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተጭኖ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ነበር። ተራ የሚያወጣውና መዝገብ የሚይዘው የአሰበ ተፈሪው መቺ፣ ማለት የእንግዳችን አባት ነበረ። በ1979 ዓመተ ምሕረት፣ ለአንድ ውድድር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጊታሩ በዕቃ ቤት ሳለ አንገቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጠባቂው እርሱ ስለ ነበረ ጥፋቱ የእርሱ ሆነ፤ ከቡድኑም ወጣ፤ ዋጋውንም በየወሩ ከደመወዙ ከፈለ። በሄደበት ሁሉ «ጊታር ሰባሪው» የሚለው ስም ስለ ተከተለው፣ ዓመት ሳይሞላ ከተማውን ለቅቆ ወደ አዳማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጊታር አልያዘም።

ሾፌሩ ወደ ልጅቱ ዞረው እንዲህ አሉ። «ልጄ፣ አባትሽ አልሰበረውም። የሰበርሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የመኪና ረዳት ነበርሁ። ጊታሩን ከአሰቦት ሳመጣ በሚኤሶ ፀሐይ ከሸራው በላይ አስቀመጥሁት፤ ሰዎች ጆንያ ሲጨምሩበትም እያየሁ ዝም አልሁ። ማታ ሲንጣጣ ሰምቼአለሁ። ጨርቁን ሳልፈታ ዕቃ ቤት አስቀምጬ ሄድሁ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ደመወዜን ፈራሁ።»

ነገሩ እንዲህ እንዳይሆን የሚከለክል አልነበረም። አራቱ አውታሮች ተወጥረው ሳሉ የጊታሩን አንገት ከ70 እስከ 80 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይስቡታል። በዚህ ላይ የቆላ ሙቀትና የጆንያ ክብደት ሲጨመር እንጨቱ አይችለውም። እኛ በሥራችን ብዙ የእምነት ቃል ጽፈናል፤ ፖሊስ ሳይዘው፣ ዳኛም ሳይጠይቀው ቃሉን የሰጠ ሰው ስናይ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነበረ። መምህሩና ነጋዴውም ይህን ከእኛ ጋር ገና መስማታቸው ስለ ነበረ፣ ለብዙ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

በመጨረሻ ልጅቱ ተናገረች። «አባቴ ጊታር መምታቱን የሰማሁት ከለቅሶው በኋላ ነው። ነገር ግን እራት ቀርቦ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ሁልጊዜ በሁለት ጣቱ ገበታውን ይመታ ነበር። እናቴ፣ ‹ተው፣ ራሴን አመመኝ› ትለው ነበር። እኔም የነርቭ በሽታ ይመስለኝ ነበር» አለች፤ በሁለት ጣቷም እንደ አባቷ የሆጃውን ጠረጴዛ መታች።

መምህሩ ሳይናገሩ ተነሥተው ከግድግዳው ላይ አሮጌውን ጊታር አወረዱ። አናጢ በሙጫና በሁለት ብሎን የጠገነው፣ ያው የተሰበረው ጊታር ነው፤ ስንጥቁ ካለበት ስፍራ ሲመታ እስከ ዛሬ ይንጫጫል። ልጅቱ የመታችውንም በአውታሩ ላይ መለሱላት። የቡድኑ መክፈቻ የነበረው የአምባሰል ቅኝት ባስ ነው። ዘፋኝ የለ፣ ክራር የለ፣ ከበሮ የለ፤ ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን በቤቱ ወለል ላይ ይሄድ ነበር። እርሷም ዓይኗን በእጇ ሸፍና፣ «እርሱ ነው፤ እርሱ ነው» አለች።

ኋላ ለሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ የተበደለው አባቴ ነውና እኔ በእርሱ ፈንታ ይቅር ለማለት ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን ‹ሰባሪው› ያሉት ሰዎች ይወቁት» አለቻቸው። እርሳቸውም ወደ እኛ ዞረው፣ «ጸሐፊ አይደለህም? እንግዲያው ጻፈው» አሉን። የሰዎቹን ስም መጻፍ ተገቢ ሆኖ ስላልታየን ትተነዋል፤ በዚያ ዘመን በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ የነበሩ ሰዎች ግን ስለ ማን እንደምንናገር ያውቃሉ። ጊታሩን እርሱ አልሰበረውም።

ዛሬ በየሠርጉ አንድ ሰው በኪቦርድ ላይ በግራ እጁ ባሱን፣ በቀኝ እጁ ሌላውን ሁሉ ስለሚጫወት፣ ባስ መቺን የሚጠራ ሰው አንሶአል። ነጋዴው በዚህ ሲያዝኑ መምህሩ፣ «ድሮስ ማን አይቶን ያውቃል!» ብለው አሳቁን። አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሌላውን ሸክም የተሸከመ ሰው አይጠፋምና፣ ገበታ ሲቀርብ ጣቱን ልብ ብለን ብናየው ይጠቅመናል እንላለን።

ጊታሩን ለልጅቱ ሊሰጧት ሦስቱም ተስማምተው ነበር። እርሷ ግን፣ «እዚሁ ይሁን፤ በየዓመቱ ለቁልቢ ስመጣ አገኘዋለሁ» አለች። በማግስቱ ማለዳ ሾፌሩ በጭነት መኪናቸው ከፊት አስቀምጠዋት እስከ ቁልቢ አደረሷት።